ጤነኛው ቦርድ የታል?

«አልወስዳትም አልኩ እኮ!» አለች ላራስ፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በጥገና ጠረጴዛው ዙሪያ እየተንጎራደደች። «ከፈለግሽ አንቺ ሄደሽ ተከተቢላት!»

ዌኒንግ ሆዱ የተከፈተ የድምፅ ማጉያ ላይ አጎንብሳ የመበየጃ ስታኞ እያቀለጠች ነበር። የጋለ ካውያዋን ማስቀመጫው ላይ ሰካችና ቀና አለች። ላራስ የወንድሟ ሚስት ናት። ወንድሟ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ቤቱን የሚመሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ጠዋት ደግሞ ሕፃኗ ኪናር ዛሬ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሄዳ የኩፍኝ ክትባቷን እንድትወስድ ተስማምተው ነበር። ኩፍኙ ሱራባያ ከገባ ሰነባብቷል፤ ከእነሱ ጀርባ ባለው መንደር አንድ ሕፃን ገና ከሆስፒታል አልወጣም። ክትባቱን የምትሰጠው አዋላጅ ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ሰብስባ ከሄደች የምትመለሰው በሚመጣው ወር ነው።

«ደግሞ ምን ሰማሽ?»

«መስማት አይደለም፣ በዓይኔ አየሁ! ያውም በእናንተው ግሩፕ!» ላራስ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋችላት።

እውነትም በእነሱው ነው። ከሜዳን እስከ ማካሳር ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚማከሩበት፣ ዌኒንግም ከአስተዳዳሪዎቹ አንዷ የሆነችበት የቴሌግራም ግሩፕ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው የቮልት መለኪያ ቴስተሩን ሽቦ የአንድ ልጅ ክንድ ላይ፣ መርፌ የተወጋበት ቦታ ላይ ያስነካል። ቁጥሩ ይዘላል። «ወገኖቼ፣» ይላል ድምፁ፣ «ሥጋ ቮልት ከየት ያመጣል? ከክትባቱ ጋር አንድ ነገር አስገብተውበታል።»

ዌኒንግ ክው አለች። ድምፁ ሰው ሁሉ «ፓክ»፣ አባባ፣ የሚላቸው የካስማን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ፓክ ካስማን ግን አባቷ የሞተ ጊዜ ካውያ አስጨብጠው እንጀራ ያበሏት መምህሯ ናቸው። የግሩፑን ሁለት ሕግም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ሳትለካ አትናገር፤ የታመመውን ቦርድ ከጤነኛ ቦርድ ጋር ሳታስተያይ አትፍረድ።

ከቪዲዮው ሥር ወሬው ደርቷል። የሜዳኑ ቶጋር እንደ ልማዱ «ሦስቱም ልጆቼ ተከትበዋል፤ ስልኬን ልሰካባቸው እንዴ?» ብሎ ሲያላግጥ፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ላስከትብ ነበር፤ ቀረሁ» ይላል። አንዱ ደግሞ «ፓክ ካስማን ከለኩት በቃ» ብሏል። ዌኒንግን ያስፈራት ይኼኛው ነው። ሌላው አስተዳዳሪ ለብቻዋ «ላጥፋው?» ብሎ ጽፎላታል።

«ተው!» ብላ መለሰችለት። «ካጠፋነው እውነት ስለሆነ ደበቁት ይላሉ። መልሱን እኔ አመጣዋለሁ።»

ከዚያ ቴስተሯን አነሳች። «ነይ፣ ኪናርን ይዘሽ እዚህ ቁጭ በይ።»

«ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ፓክ ካስማን ያደረጉትን። አይነዝርም፤ ሽቦው ከመብራት ጋር አልተያያዘም። እሷ አልተከተበችም አይደል?»

«አልተከተበችም።»

ዌኒንግ ሽቦውን በሕፃኗ ክንድ ላይ አስነካች። ቁጥሩ ዘለለ። ኪናር ሽቦውን ልትበላው አፏን ከፈተች።

«በስመአላህ!» ላራስ ደነገጠች። «ገና ሳትወጋ?»

«ቆይ ገና።» ዌኒንግ ተነስታ የቤቱን መብራት የሚያቋርጠውን ብሬከር ቀጭ አደረገችው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ ቁጥሩም ወርዶ ወርዶ ዜሮ አጠገብ ደረሰ። «አየሽ? ግድግዳው ውስጥ የመብራት መስመር አለ። ሳትነኪውም ሰውነትሽ ከሱ ትንሽ ትንሽ ይቀበላል። ይሄ ቴስተር ደግሞ ወሬኛ ነው፤ ሽውታውንም ቮልት ነው ብሎ ያወራል። ስለ ክትባት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። የክትባቱን ነገር አዋላጇን ጠይቂ።»

«ታዲያ እሳቸው ይሄን አያውቁም?»

«እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እንጂ!»

ላራስ ግን አንገቷን ነቀነቀች። «ምባክ ዌኒንግ፣ ታላቄ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ እኅቴ ነሽ፤ ልታባብይኝም ትችያለሽ። እሳቸው በገዛ አፋቸው ካላሉ ልቤ አያርፍም።»

«እንግዲያው ተነሺ!»

ሞተር ሳይክሉ ላይ ኪናርን መሐላቸው አድርገው ወደ ፓክ ካስማን ሱቅ ከነፉ። መንገዱን ሙሉ ዌኒንግ ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ስለ ልኬቱ ጥርጣሬ የላትም። ሽማግሌውን ሳታዋርድ እንዴት ታስተካክላቸው? በዚህ አገር መምህርን በአደባባይ ማረም ነውር ነው።

ፓክ ካስማን በረንዳው ላይ ነበሩ። ቪዲዮው ላይ የታየው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የተጠበሰ ሙዝ ይሰለቅጣል፤ ምንም የሆነ አይመስልም። ዌኒንግ ዝቅ ብላ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አስነካች።

«ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው» አሉ ቀድመው።

«እኔ ማን ሆኜ፣ ፓክ? ልጠይቅ ነው። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት፤ ጤነኛውን ቦርድ ግን አጣሁት።»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ኪናርን ተመለከቱ። ቴስተራቸውን አንስተው በዝግታ ሕፃኗን ለኩ፤ የራሳቸውን ክንድ ለኩ፤ ቀጥሎ ላራስ ከጠረጴዛው ያነሳችውን ፓፓያ በእጇ እንደያዘችው ለኩ። ሁሉም ላይ ቁጥር አለ።

«ፓፓያውም ተከትቧል ማለት ነው» አለች ላራስ።

ፓክ ካስማን ሳይወዱ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከፊታቸው ቶሎ ጠፋ። «ልጁ ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ነደደብኝ» አሉ። «አዋላጇ ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ ይለቀዋል ብላ ነግራኝ ነበር። ለቀቀውም። እኔ ግን ፈራሁ፣ ልጄ። ቴስተር ይዤ ወንጀለኛ ስፈልግ አደርኩ።» ስልካቸውን ገፋ አደረጉላት። «በይ አጥፊልኝ።»

«አላጠፋም፣ ፓክ።»

«ቶጋር እስኪሞት ይስቅብኛል!»

«ይሳቅ! እሱ በማን የማይስቅ አለ? ያንን የሰማ ሰው ሁሉ መልሱንም በእርስዎ ድምፅ መስማት አለበት። እኔ ብናገር ተማሪ መምህሯን ናቀች ይሉና ልጆቹ ሳይከተቡ ይቀራሉ። እርስዎ ከለኩት ግን በቃ።»

ፓክ ካስማን ወደ ሱቁ ገብተው ጥቁር ቆባቸውን አድርገው ወጡ። ዌኒንግ ስልኩን ደገነች።

«ወገኖቼ፣ ካስማን ነኝ። ያስተማርኳችሁን ሕግ ራሴ ጣስኩት። ይቺ ልጅ ኪናር ትባላለች፤ አልተከተበችም...» በእጃቸው አስቆሟት። «ኧረ ይደገም፣ ይደገም።» እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም እዚያው ቃል ላይ አቋረጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ውኃ አምጡልኝ አሉ።

ላራስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ተነሥታ የማዘያዋን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገች፤ የሞተር ሳይክሉንም ቁልፍ ከዌኒንግ ኪስ መዥረጥ አድርጋ አወጣች።

«ኧረ ፓክ፣ ይፍጠኑ!» አለች። «"አልተከተበችም" የሚለውን አሁኑኑ ይጨርሱት፤ ትንሽ ከቆዩ ውሸት ይሆንብዎታል!»