የካፒቴኑ አፈሙዝ

ሞረድ ይሏታል፤ ለምላሷም ለሙያዋም የወጣላት ስም ነው። ጠመንጃ ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት ከተማው ሁሉ «አለቃ» የሚለው ሽማግሌ ነው። አባቷ እጁን ባጣ ማግስት ወደ ሱቁ አስገብቶ የሞረድ አያያዝ አሳያት። እሷም «አባባ» ትለው ነበር።

አባቷ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ከአባቱ የወረሳት ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረችው። ቃታዋ ቢላላበት አለቃ ዘንድ ወስዶ አሠራት፤ አለቃም «እንደ አዲስ አድርጌልሃለሁ» ብሎ መለሰለት። ብዙም ሳይቆይ ሌባ ሊያስደነግጥ ወደ ላይ ሲተኩስ አፈሙዟ ፈነዳና ግራ እጁን ይዛ ሄደች። «ጥይቱ የወትሮው ነው» ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው! አለቃ በሰው ፊት፣ «አፈሙዝ አይሰክርም፤ የሚሰክረው ያዡ ነው» አለ። ያች ቀልድ ከአፍ አፍ ዞረች። መጠጥ ባፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው «ሰካራሙ ዘበኛ» እንደተባለ አፈር ገባ።

ሙያው እየገባት ሲሄድ ሞረድን አንድ ነገር ከነከናት። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሲሠራ አፈሙዙና ቃታው ያለበት ክፍል ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል፤ መንታ ናቸውና። በአባቷ ጠመንጃ ቃታ በኩል ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ አለ፤ በፈነዳው አፈሙዝ ላይ ግን ተሞርዶ ጠፍቷል። አለቃን ብትጠይቀው፣ «እርጅና ነው ልጄ፣ ብረትም ይረሳል» አላት። ብረት እንደማይረሳ ያስተማራት ራሱ ነበር። ነገሩን በሆዷ ይዛ ወጣች። የራሷን ሱቅ ከፍታም የመጣውን ጠመንጃ ሁሉ እየፈታች ቁጥሩን ታይ ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የአለቃ ደንበኛ የነበረ አንድ ጡረተኛ ካፒቴን፣ «የአለቃ ዓይን ደከመብኝ» ብሎ ከአባቷ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የአደን ጠመንጃውን አመጣላት። ፈታችው፤ ገለበጠችው። አፈሙዙ ላይ የአባቷ ጠመንጃ ቁጥር!

«ይሄ አፈሙዝ አብሮት የተሠራ ነው፣ ካፒቴን?»

«የለም፣ የድሮው ዝጎ ሳስቶብኝ ነበር። አለቃ ነው ደህና ፈልጎ የቀየረልኝ።»

«የሳሳውስ?»

«ምን ያደርግልኛል? እዚያው ጥዬለት ሄድኩ። ምነው?»

ነገረችው። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «እኔ በሰው እጅ ስኩራራ ኖርኩ በይኛ!» አለ። «አፈሙዙ የአባትሽ ነው፤ ውሰጂው። ሌላ ምን ላድርግልሽ?»

«አብረውኝ ይምጡ። ዝም ብቻ ይበሉልኝ።»

አፈሙዙን ከአባቷ ጠመንጃ ጋር ስታጋጥመው ጠቅ ብሎ ገባ። ከሰዓት በኋላ አለቃ ሱቅ ሲደርሱ የከተማው አዳኞች እንደልማዳቸው ደጁ ላይ ተቀምጠው ወሬ ይሰልቃሉ።

«አባባ፣ ለአባቴ ጠመንጃ አፈሙዝ አገኘሁላት። ተኩሰው ይመርቁልኝ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ከየት አገኘሽ?»

«ከካፒቴኑ ጠመንጃ የወጣ ነው።»

የአለቃ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ረገፈ። «ቀልድ ተይ! የካፒቴኑ አፈሙዝማ ፈንድቷል!»

ያለውን የሰማው ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው። በዚያ ከተማ የፈነዳ ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን የማያውቅ አዳኝ እዚያ አልነበረም።

«በማን እጅ ላይ ነው የፈነዳው?» አለች። ከዚያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው። «ካፒቴኑን ደስ ልታሰኝ የአባቴን አፈሙዝ ሰጠኸው፤ የሳሳውን ለአባቴ ገጠምክለት። ቁጥሩን ፋቅክ። ያ ሁሉ አልበቃህ ብሎ ሰካራም አልከው!»

ወደ ጓሮ ዞራ ጠመንጃ የሚሞከርበት የአፈር ክምር ላይ ሁለቱንም አፈሙዝ ተኮሰች። አፈሙዙ ምንም አልሆነ።

«ልጄ፣» አለ አለቃ ድምፁ ተሰባብሮ፣ «እኔ እኮ እጅሽን ይዤ ነው ያስተማርኩሽ።»

«ለቆረጥከው እጅ ምትክ መሆኑ ነው? ነገ በጠራራ ፀሐይ እናቴ በር ላይ ቆመህ ያደረግከውን ጎረቤት እስኪሰማ ትናገራለህ። እምቢ ካልክ ጉዳዩን ለፖሊስ እሰጣለሁ።»

መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከደጃፉ ቆመና መናገር ጀመረ። «አልተሰማም!» ትለዋለች ሞረድ፤ ከፍ ያደርጋል። «አሁንም አልተሰማም!» በየመስኮቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ። አለቃ እስኪያለቅስ ደጋገመችበት። የሚያሳዝናት መስሏት ነበር፤ አላሳዘናትም።

«ይብቃው ልጄ፣ ሽማግሌ ነው» አለች እናቷ።

«አባቴ ሽማግሌ የመሆን ዕድል መቼ አገኘ!»

አለቃ እየተጎተተ ከመንገዱ ሲታጠፍ፣ ሞረድ የፈነዳውንና ደህናውን አፈሙዝ በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ፖሊስ ጣቢያ። ካፒቴኑ እዚያ እየጠበቁኝ ነው።»

«ውይ! ከተናገርክ እተውሃለሁ ብለሽው አልነበር?»

«እሱም ለአባቴ ‹እንደ አዲስ አድርጌልሃለሁ› ብሎት ነበር» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።