ተቃራኒው ቃል

«ሞቱ አይባልም፤ ዐረፉ በሉ!» ሲል አገኘሁ የተባለው ወጣት ተቆጣ። የመሪጌታ ገብረ መድኅን ተማሪ ነበር፤ ከአርብ ገበያ ለለቅሶ የመጡትን ሴቶች ከደጃፉ ላይ እየተቀበለ ነው።

የመሪጌታ ባለቤት ካሣነሽ መደብ ላይ ኩርምት እንዳለች ሰማችው። መች ዐረፉና፣ አለች በሆዷ።

ሰልስት ነበር። የመሪጌታ ታናሽ እኅት ዝናሽ ከጎረቤታቸው ከውዴ ጋር ጥግ ይዛ ታንሾካሹካለች። «በመጨረሻይቱ ሰዓት ምን እንዳሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ጠላሁሽ› ነው ያሏት።»

እውነቷን ነው፤ ብለዋታል።

መሪጌታ ግእዝ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቃል መፍታት እንደ እህል የሚርባቸው ሰው ነበሩ። ካሣነሽ አዲስ ሙሽራ ሳለች ጤፍ ስታበጥር አጠገቧ ቁጭ ይሉና፣ «ትምህርትና ምሕረት እኅትማማች ይመስሉሻል አይደል? ዘራቸው ግን ለየቅል ነው። ማስተማር በሃሌታው ሀ፣ ይቅር ማለት በሐመሩ ሐ» ይሏት ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስንቱን ቃል ከነሥሩ አወቀች!

አምና በክረምት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። የተዘጋ አንደበታቸው ሲፈታ ደግሞ ቃሉ ሁሉ ተገልብጦ መጣ። ሲበርዳቸው «ሞቀኝ»፣ ሲርባቸው «ጠገብሁ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባ፣ ካሣነሽ ብቻ ተቃራኒውን እየያዘች ታስታምማቸው ጀመር። «ሂጂልኝ» ሲሏት ቀርባ እጃቸውን ትይዛለች፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

«አንቺ ዝናሽ» አለች አሁን ቀና ብላ፣ «ሁሉን ይገለብጡት እንደነበር ታውቂያለሽ። ወደድሁሽ ማለታቸው ነው።»

ዝናሽ አቀረቀረች። «ይሁንልሽ እቴ። ግን የዚያን ዕለት ጧት ሲጠማቸው ‹ጠማኝ› ነበር ያሉት። የንስሐ አባታቸው ሲመጡም ‹ይግቡ› አሏቸው። አንደበታቸው ተቃንቶ ነበር እኮ።»

ካሣነሽ የፈራችው ይህንኑ ነበር። ውኃውን ያጠጣቻቸው ራሷ ናት፤ ከደስታዋ ብዛት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ትራሳቸውን ስታቃና፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ያን ቃል ተናገሩ። ምን ማለትዎ ነው ብላ ሳትጠይቅ እስትንፋሳቸው ቆመ።

አሁን ማንን ትጠይቅ? በአገሩ ቃል የሚፈቱት እሳቸው ነበሩ።

«እስቲ ትንሽ ጋደም በይ፣ እናቴ» አለቻት ውዴ።

ካሣነሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች፤ መሪጌታ አጠገቧ እንደሚቀመጡበት ሁሉ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።