ባቄላ የማይገባበት ቤት

የወንድሜ የካሱ ሚስት ሊሻን እኔን የምትፈትሸኝ በፈገግታ ነው። ከደጋው አገራችን ከገረሴ ወርጄ እነሱ ባሉበት ከተማ ሲቀላ ገበያ ፍራፍሬ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ቤቷ ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። እሷ ግን ዘንቢሌን ተቀብላ ጓዳ ትገባለች፣ እስከ ታች ታራግፈዋለች፣ ‹‹ይግቡ እንጂ፣ እትዬ ልክነሽ›› የምትለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የምትፈልገው ባቄላ ነው። የአምስት ዓመት ልጇ ሳምሶን ባቄላ ከበላ ደሙ ይፈራርሳል። እሸት ሆነ ቆሎ፣ ጥሬ ሆነ የበሰለ፣ ለእሱ መርዝ ነው። የአዲስ አበባ ሐኪሞች በዘር የሚወረስ ነው ብለዋል። ሊሻን የማን ዘር እንደሆነ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባትም፤ ደጋ ላይ ባቄላ እየቆረጠምን ያደግነው እኛ ነና።

ካሱ ግን ቀስ ብሎ ነግሮኛል፤ ለወንድ ልጅ የሚያስተላልፈው የእናት ወገን ነው። እሷ ይህን አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አላወጣችም። ደብረ ማርቆስ ላሉት እናቷም የልጁን ሕመም ደብቃለች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እኔም በተራዬ ጠረጠርኳት፤ ሰበብ ፈልጋ ከሳምሶን ልትለየኝ ነው ብዬ። እኔ አልወለድኩም። ያለኝ እሱ ነው።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ከላንቴ የመጣ ሙዝ ይዤላቸው ሄድኩ። ሊሻን ሙዙን ከነልጣጩ አጠበችው፣ ራሷ ልጣም ለሳምሶን ሰጠችው። በማግስቱ ደወለችልኝ።

‹‹ትናንት ከሙዙ ሌላ ምን ይዘው መጡ?›› አለችኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። የሳምሶን ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ኮካ መስሏል። ካሱ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ስለነበር ባጃጅ ውስጥ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ሊሻን መንገዱን ሁሉ የምታየው እጄን ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ‹‹ባቄላ በልቷል?›› ሲል ጠየቀ። ሊሻን ወደ እኔ ዞረች።

‹‹ዶክተር፣ እኔ የሰጠሁት ሙዝ ብቻ ነው፤ እሱንም የላጠችው እሷ ናት›› አልኩ።

‹‹ቤት ውስጥስ ምን በላ?››

‹‹እንጀራ በሽሮ›› አለች ሊሻን። ‹‹ሽሮው የሽምብራ ነው። እናቴ ናት በዚህ ሰሞን አዘጋጅታ የላከችልኝ።››

‹‹ሽምብራ ብቻ መሆኑን ጠይቀሻታል?››

ሊሻን ቅር አላት። የእናት እጅ እንዴት ይጠየቃል? ቢሆንም ደወለች፤ ሐኪሙም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

‹‹ሽምብራና አተር ነው፣ ልጄ›› አሉ እናቷ። ‹‹ወፈር እንዲል ባቄላም ጣል አድርጌበታለሁ። ተስማማችሁ?››

ሐኪሙ በጊዜ መምጣታችን ጥሩ እንደሆነ ነግሮን ደም ሊያስመጣ ወጣ። እሰይ የሚል ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶብኝ ነበር። ሳምሶን ሲያቃስት ግን ዋጥኩት።

‹‹ሊሻን? ሊሻን?›› ይላሉ እናቷ። እሷ ወደ ሳምሶን ጎንበስ ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

‹‹እማማ፣ እኔ ልክነሽ ነኝ፣ የካሱ እህት። ሳምሶን አሞት ሆስፒታል ነን›› አልኩ።

የእናቷ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ።

‹‹አንቺ ነሽ? ልጁን ምን አበላሽው?››

ሊሻን ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

‹‹ያበላሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ›› አለች። ‹‹እሷን ተያት።››