ኮራሉ ከመግባቱ በፊት

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የልብስ ሰፊዋ ፍርሃት ግን ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ በበሩ ገባ። ይዘውት የመጡት የባሏ አባት ናቸው። ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላውም ከድሮ ጀምሮ ደካማ ነው፣ ጥርሳቸው ግን አልከደን ብሏል።

"ኮራል ነው፣ ልጄ! ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ተኝቼ ይሄንኑ ስመኝ ነው የከረምኩት። በይ ዓሣ ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የውሃውን ጨው ለኪልኝ፤ እኔ እንደሆነ ቁጥሩ አይታየኝም።"

ሽማግሌው የመርከብ መካኒክ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ለምኖ ለምኖ ከነዓሣ ገንዳቸው ወደ ቤቱ አመጣቸው። መጡ እንጂ መች ተቀመጡ! ሻንጣቸው እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ እንደታሰረ በር ሥር ቆሟል። "አባባን እዚህ የያዛቸው ዓሣው ነው" ብሏት ነበር ባሏ። "እሱ አንድ ነገር ከሆነ ወደዚያ ባዶ ቤት ይመለሳሉ።" እሷ ደግሞ ወዳቸዋለች። የስፌት መኪናዋን የሚጠግኑላት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስቋት እሳቸው ናቸው።

መለኪያዋን አነሳች። አውራ ጣት የምታክል ቱቦ ናት፤ ጫፏ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጉና ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይን ያዩባታል። መለኪያዋ ሠላሳ አምስት ማለት ነበረባት፤ የባሕር ውሃ ልክ ነው፣ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ጨው። አርባ አለች። ጠርጋ ደገመች። አርባ!

ጥፋቷ ወዲያው ገባት። ሽማግሌው ሆስፒታል ሳሉ ገንዳው በጎደለ ቁጥር ከባልዲ የጨው ውሃ ስትሞላ ነው የከረመችው። የባሕር ዓሣ አይደል? ጨው ቢያንሰውስ ብላ! ለካ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ወዴት ይሄዳል?

"ስንት አለ?"

ሠላሳ አምስት ብትል ማን ያያል? ኮራሉ ግን ይሞታል፤ ከሞተ ሻንጣው ይነሳል። እውነቱን ብትናገርም ሳይነሳ አይቀርም።

"አባባ... አርባ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሲጎድል በጨው ውሃ ሞላሁት።" እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዞሩ። ምነው በተቆጡኝ አለች በሆዷ።

"ዓሦቹ ምግባቸውን ይበላሉ?"

"ይበላሉ። አሁኑኑ ንጹሕ ውሃ ልገልብጥበት?"

"ተይ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በአንዴ ካቀጠንሽው ትፈጃቸዋለሽ። ዛሬ ከገንዳው አንድ ጆግ ትቀጃለሽ፣ በምትኩ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ትጨምሪበታለሽ። ነገም እንዲሁ።"

"ኮራሉስ እስከዚያ ላስቲክ ውስጥ ይቆያል?"

"ኧረ ይታፈናል! ያ ባልዲሽ የት አለ? እሱን ለኪው።"

ለካች። ሠላሳ አምስት፣ ንቅንቅ የለም። ጥፋት የሠራችበት ባልዲ ለእንግዳው ማረፊያ ሆነ። ትርፍ ማሞቂያና የአየር ቱቦ ከተቱለት።

"ብርሃንም ይፈልጋል" አሉ። "የድሮው መብራቴ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ ከልብሱ ሥር።"

ሻንጣውን ከፈተች። ሸሚዙን፣ ሹራቡን፣ የሚስታቸውን ፎቶ አንድ በአንድ አውጥታ ከታች መብራቱን አገኘች። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መልሳ ዚፑን ስትጎትት ሽማግሌው ድምፁን ሰሙ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ልመልሰው ነዋ፣ አባባ።"

"እውነተኛውን ቁጥር የምታነብልኝን ትቼ ወዴት ልሄድ? ቁም ሣጥን የላችሁም እንዴ?"