እሺም እምቢም ያልተባለች ልጅ

ሶልቬግ ሃካላ ያን ዩኒቨርሲቲ ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷን ልትጠይቅ ቦስተን ሄዳ ግቢውን ሲያስጎበኟቸው፣ የባሕር ጥናት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ከውቅያኖስ ወለል የወጣ ጭቃ መዳፏ ላይ አደረገችላት። ቀዝቃዛ ነበር። ትልቅ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማዋ ወደ ዱሉት ብትመለስም ልቧ እዚያው ቀረ። ጓደኞቿ የት እንማር እያሉ ገና ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ እሷ ቀድመው ከሚያመለክቱት ጋር አመለከተች።

የገና በዓል ሲቃረብ መልሱ ስልኳ ላይ ገባ። አባቷ አርቪድ የብረት ማዕድን የሚጭን መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሐይቁ በረዶ ሊሆን ሲል ቤት ይከተታል። ዓሣ እየጠበሰ ዞር ሲል ፊቷን አየው።

«እሺ አሉሽ?»

«አላሉም።»

«እምቢ አሉ?»

«እምቢም አላሉም። በረዶው ሲቀልጥ ከሌሎቹ ጋር እንደገና እናይሻለን ነው የሚሉት።»

«እና ይፈልጉሻል አይፈልጉሽም?»

«እኔስ ምን አውቄ፣ አባዬ!»

በማግስቱ የትምህርት ቤቷ አማካሪ ወይዘሮ ሊንድኲስት ዘንድ ሄደች። ሴትዮዋ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማመልከቻ ያነቡ ነበር።

«ለምንድን ነው የሚያንጠለጥሉን?»

«ይፈራሉ፣ የኔ ልጅ። ወንበሩን ዛሬ ከሞሉት ነገ ለሚመጣው ምን ይሰጡታል? አንዳንዱን የዘንድሮ ውጤቱን ሳናይ አንወስንም ይላሉ። አንዳንዱን ደግሞ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ያሳፍራቸዋል። እኔ ራሴ ደስ ያለኝን ልጅ፣ ባልደረቦቼን ማሳመን ሲያቅተኝ ‹ይቆይልኝ› ብያለሁ።»

«እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«እሱን ያነበበሽ ሰው ነው የሚያውቀው።»

ያ ቃል የበረዶውን ወራት ሙሉ አላስተኛትም። የማታውቀውን አንባቢዋን ትናፍቅ ጀመር። ሴት ትሁን ወንድ፣ ማመልከቻዋን ሲዘጋ ምን እንዳለ፣ «ትቆይልኝ» ብሎላት እንደሆነ ታሰላስል ነበር። የኬሚስትሪ ውጤቷን አሻሽላ፣ «አሁንም የምመኘው እናንተን ነው» ብላ አጭር መልእክት ላከች። መልእክቱ መድረሱን ብቻ ነገሯት።

በረዶው ሲሰነጣጠቅ እምቢ አሏት።

«መርከቡን ይዤ ልሂድባቸው?» አለ አርቪድ።

«መርከቡ ያንተ መሰለህ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እስኪወጣላት ጠበቃት።

ካመለከተችባቸው ሌሎች አንዱ፣ የማዲሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ተቀብሏት ስለነበር እዚያው ልትማር ወሰነች። ደህና ትምህርት ቤት ነው፤ ማንም አላዘነላትም። አርቪድ ወደ ሥራው ሊመለስ ሻንጣውን ሲሸክፍ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ አገኛት። የቦስተንን የአየር ሁኔታ ነበር የምታየው።

«እዚያ እንዴት ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ዝናብ ነው።»

«እንኳን ቀረሽ፤ ትበሰብሺ ነበር።»

«መበስበስ እፈልግ ነበር፣ አባዬ።»

አርቪድ ሻንጣውን ትቶ፣ አጎንብሶ ስልኳን አብሯት ማየት ጀመረ።