ጠፈር ላይ ወንድ ነበርኩ

ጨዋታው ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጫን በብሮውዘር የሚከፈት ነበር። ከየአገሩ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይጫወተዋል። አንድ የጠፈር መርከብ ይሰጡሃል፤ ከአንዷ ፕላኔት ብረት በርካሽ ገዝተህ ሌላዋ ላይ በውድ ትሸጣለህ፤ መንገድ ላይ ሽፍታ ከመጣብህ ትተኩሳለህ ወይም ትሸሻለህ። ሥዕሉ ይህን ያህል አልነበረም፤ አብዛኛው ጽሑፍና ቁጥር ነው። የዛሬ ልጆች ቢያዩት ይስቁብን ነበር። ይሳቁ! እኔ እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጎንደር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወስጄ ምደባ እጠብቃለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱንም የጨርቅ ሱቁንም የያዘው ታላቅ ወንድሜ ዐብዱልከሪም ነው። ኮምፒውተር ትልመድ ብሎ ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት እንድሄድ ፈቀደልኝ። ለመድኩለት!

ኢንተርኔት ቤቱን የሚጠብቀው ህሩይ ይባላል፣ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ። ራሱም ዲያቆን ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ዝምታው ግን የሽማግሌ ነበር። «ፈህሚያ፣ ሰዓትሽ አልቋል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

በጨዋታው ስሜን ወለቃ አልኩ፣ መርከቤን ደግሞ በቅሎ። ንግዱ አልከበደኝም፤ የነጋዴ ልጅ አይደለሁ? ችግሬ ጦርነቱ ነበር። ሽፍታ ሲመጣ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ይጠፋብኛል። እስክረጋጋ ጭነቴን አራግፈውኝ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ስዘረፍ ዛሪማ የሚባል ተጫዋች ደረሰልኝ። ሽፍታውን አባረረና በላቲን ፊደል፣ ግን በአማርኛ፣ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ ጻፈልኝ። በዚያ ሁሉ ጠፈር አማርኛ የሚጽፍ ሰው ማግኘቴ ገረመኝ፤ ወንድሜ መባሌ ደግሞ አሳቀኝ። አላረምኩትም። የማን ጅል ያርማል? ከማላውቀው ወንድ ጋር እንደምጻጻፍ ዐብዱልከሪም ቢሰማ ዳግመኛ ኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ድርሽ አልልም ነበር። ስለዚህ ወንድ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ እኔ እነግዳለሁ፣ እሱ ይጠብቀኛል፣ ትርፉን እንካፈላለን። «የት ጠፋህ? በላህ? ምነው ዛሬ ዘገየህ?» ይለኛል። «በላሁ፣ መጣሁ፣ ዝናብ ይዞኝ ነው» እለዋለሁ። ደግነቱ አማርኛ ስለራስህ ስትናገር ወንድ ነህ ሴት ብሎ አይጠይቅም። አንዲት ውሸት ሳልዋሽ ወንድ ሆኜ ከረምኩ።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። በቅሎን ጢም አድርጌ ጭኜ ከአንድ ጣቢያ ስወጣ ሽፍቶች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዛሪማ መሐል ገባና መተኮስ ጀመረ። ወዲያው መልእክቱ መጣ፦ «ሽሺ! እዚያ አትቁሚ!»

ሸሸሁ። በቅሎ ከነጭነቷ አመለጠች። የእሱ መርከብ ግን ወደመች። ክረምቱን ሙሉ ትርፉን ሁሉ ያፈሰሰባት መርከብ ነበረች። ላጽናናው ስል ነው መልእክቱን እንደገና ያየሁት። ሽሺ። አትቁሚ። አንዱ ብቻ ቢሆን የጣት ስህተት ነው እል ነበር።

ቀና አልኩ። ህሩይ ጠረጴዛው ጋ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ስክሪኑን ያያል። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ፊቱ በርበሬ መሰለ። ለካ ዛሪማ እሱ ኖሯል! ሰኔ ላይ ኪቦርዴን ሊያስተካክል የመጣ ጊዜ ጨዋታው ፊቱ ተከፍቶ ነበር። ያኔውኑ አውቋል። አውቆም እስከ ነሐሴ አንተ እያለኝ ኖረ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ወንድሜ ጆሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ምስጢሬን እንዲህ የጠበቀልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ወደድኩት።

በማግስቱ እየፈራሁ ሄድኩ። አንቺ ካለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ለጀማሪ በምትሰጠው ትንሽ መርከብ መጣና «አንተ፣ የዛሬው ብረት ሸጋ ነው?» አለኝ። እፎይ አልኩ። ከፋኝም።

መስከረም ላይ ምደባዬ ወጣ፣ ሐረማያ። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ዛሪማ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ነገ ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤት ሻይ ልጋብዝ። ትመጣለህ ወይስ ትመጫለሽ?»

ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እንባዬ። ወንድ እንደሆንኩ ብቀር ማንም አይጎዳም፤ ተሰነባብተን እንለያያለን። ሴት ሆኜ ከሄድኩ ግን የሙስሊም ነጋዴ ልጅና ዲያቆን ፒያሳ መሐል አብረው ተቀመጡ የሚለው ወሬ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወንድሜ ሱቅ ይገባል። ሐረማያም ሊቀርብኝ ይችላል። ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እንደፈለገው ይረዳው።

ተጋባችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተጋባንም። እሱ የአባቱን መንገድ ይዞ ቀሰሰ፤ እኔ ሐረር አግብቼ ወለድኩ። ጨዋታውም ተዘግቷል፤ አድራሻውን ብጽፍ ባዶ ገጽ ነው የሚመጣው። ባሌ ደግ ሰው ነው፣ የጎደለብኝ ነገር የለም። ቢሆንም ያ ከሰዓት በኋላ ይናፍቀኛል።

የዚያን ቀን ጓደኛዬ ዐዚዛ ቤት ነኝ ብዬ ወጣሁ። ኬክ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ተመለሺ ተመለሺ አለኝ። ህሩይ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፣ ሸሚዙን አስተኩሶ። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«መጣህ?» አለኝ። ለስለስ አድርጎ፣ እናት ሴት ልጇን ስታቆላምጥ አንተ እንደምትላት።

«መጣሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሻዩን እስክንጨርስ አንዴም አንቺ አላለኝም፤ ሴት መሆኔ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።