የገለቴ ድምፅ

ሶያማ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ የሄደችው ታናሽ እህቷን ገለቴን ይዛ ለመመለስ ነበር። ቡራዩ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የምሥረታ በዓሏን ስታከብር፣ በአካባቢው የኦሮምኛ መዝሙር በካሴት ያወጣችውን የመጀመሪያዋን ሴት ልትሸልም አስባለች። ጥሪውን ይዘው የመጡት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ኦቦ ጃራ ነበሩ። ሶያማ ግን ካሴቱ ላይ ያለነው ሁለት ነን፣ ያለ ገለቴ መድረክ አልወጣም አለቻቸው።

እውነቷን ነው። ልጃገረድ ሳለች አኮርዲዮን አንግታ ምእመናን ፊት ስትቆም፣ ሽማግሌዎቹ የጭፈራ ቤት ዕቃ አመጣችብን ብለው ተቆጧት። ያኔ ከጎኗ ሳትነቃነቅ ከዋናው ዜማ ሥር የሚሄደውን ሁለተኛውን ድምፅ የያዘችላት ገለቴ ነበረች። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ሶያማ ስትታሰርም፣ ገለቴ ስንቅ አቀብላ ስታበቃ የእስር ቤቱ አጥር ሥር ቆማ የራሷን ድምፅ ብቻ ታንጎራጉር ነበር። ለዘበኞቹ ትርጉም የለሽ ጉርምርምታ ነው። ሶያማ ግን ከውስጥ ሆና የጎደለውን ዜማ በልቧ ትሞላው ነበር።

ሱሉልታ ስትደርስ በር የከፈተችላት የገለቴ ልጅ ኡርጂ ናት። እናቷ መርሳት ከጀመራት ወዲህ ሰው እንደማትለይ በስልክ ነግራት ነበር። ሶያማ እኔንስ አትረሳኝም ብላ ነው የመጣችው።

ገለቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች። «አካም ጅርቱ» አለቻት፣ እንደምን አሉ ለማለት፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ወንበር አስመጣችላት፤ አንቱ እያለች መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻት። ሶያማ ስሟን ብትነግራት ራሷን በትሕትና ነቀነቀች፣ ሌላ ምንም የለም።

ሶያማ አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። የካሴቱን የመጀመሪያ መዝሙር ጀመረች። ድምፅዋ በእርጅና ሻክሯል፤ ቢሆንም ዜማው አልጠፋትም። ገለቴ የምትገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ገለቴ እጆቿን አጣምራ ታዳምጣለች እንጂ አልገባችም።

«ጥሩ ይዘምራሉ አንቱ» አለች ሲያበቃ። «የኔን እህት ቢሰሟት ግን... እኔ የምዘምረው እሷ ስትመጣ ነው።»

ኡርጂ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች።

ሶያማ ኦቦ ጃራ ደጋግመው ቢለምኗት ቡራዩ ብቻዋን ሄደች። ካባ ደረቡላት፣ ዘምሪልን አሏት፣ ዘመረች። የገለቴ ቦታ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ወጣት ዘማሪዎቹ ግጥሙ የጠፋት መስሏቸው የሶያማን ዜማ ራሱን ጮክ ብለው ተቀበሏት። ሁለተኛውን ድምፅ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ እሷ ግን መጨረሻውን ሳትዘምር ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሱሉልታ ትመላለሳለች። ገለቴ የምታውቃት አንዲት ደግ ጠያቂ እንደሆነች ብቻ ነው፤ ስለ እህቷ ታጫውታታለች፣ አኮርዲዮን ስትጫወት ጣቶቿ እንዴት እንደሚሮጡ ትነግራታለች። እህትሽ እኔ ነኝ ባለቻት ቁጥር ስለምትደነግጥና ስለምታለቅስ ሶያማ ይህን ማለቱን ትታዋለች።

ባለፈው ሳምንት ገለቴ ተክዛ አገኘቻት።

«እህቴ ምነው ቀረችብኝ?»

«ታክሲ አጥታ ይሆናል» አለች ሶያማ። «ትመጣለች።»

ገለቴ ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች። ሶያማም የራሷን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።